ማሽኑ ያነበበው አረቄ

ቁጥር ካገኘ በኋላ ሌላ ማስረጃ ሲጠየቅ የሚከፋው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኔው ሰበታ ውስጥ ጎረቤቴ ናቸው፤ ኦቦ ጉርሙ ይባላሉ፣ አረቄ ያወጣሉ።

ድሮ ገዢ ሲመጣ ከአረቄው ጥቂት ሳህን ላይ አፍስሰው ክብሪት ይለኩሱበት ነበር። ሰማያዊ ነበልባል ከታየ ሌላ ጥያቄ የለም። አንድ የአዲስ አበባ ሱፐርማርኬት «ያለ ባርኮድ መደርደሪያዬ ላይ አላስቀምጥም» ካላቸው ወዲህ ግን ክብሪቱ ቀረ። ባርኮዱን ለማግኘት ሲመላለሱ ምድጃውን የሚጠብቅ ጠፋ፤ አረቄውም ውሃ ውሃ ማለት ጀመረ። እሳቸው ምን ገዷቸው?

«አዴ፣ አሁን እኮ ዓለም ያውቀናል» ይሉኛል፣ ጠርሙሱን ባርኮዱ በተለጠፈበት በኩል እያዞሩ።

በመጨረሻ የሱፐርማርኬቱ ሥራ አስኪያጅ መጡ፤ ጠና ያሉ ሴት ናቸው። ማሽናቸውን ባርኮዱ ላይ ደቀኑ፤ ጢጥ ብሎ አነበበ። ኦቦ ጉርሙ ደረታቸውን ነፉ።

«ክብሪት ይኖርዎታል?» አሉ ሴትዮዋ።

«ክብሪት ለምን? ቁጥሩ አለ አይደል?»

«ደንበኞቼ ቁጥሩን አይጠጡትም።»

ሳህን ቀረበ፣ ክብሪት ተጫረ። አንዱ ጠፋ፤ ሁለተኛውም ጠፋ። ሴትዮዋ ጠርሙሱን ቀስ ብለው አስቀምጠው ሄዱ።

ኦቦ ጉርሙ ወደ እኔ ዞሩ።

«ማሽኑ ግን አንብቦታል። አይተዋል አይደል?»

«አይቻለሁ» አልኳቸው፤ እውነት ነውና።