ጭቃ የሚይዝ ጎማ

ጎማ መርጣችሁ ታውቃላችሁ? ሲፈነዳ መቀየር አይደለም ያልኩት፤ እሱንማ ሁላችንም ቀይረናል። ቁጭ ብሎ፣ አስቦ፣ ይሄኛው ይሻላል ወይስ ያኛው ብሎ መምረጥ ማለቴ ነው። እኔ መርጫለሁ። አንድ ወር ሙሉ ፈጅቶብኛል። ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ ለማሳደስ እንኳ ያን ያህል አልተጨነቅኩም።

ጅዳ ውስጥ ሊፍት እጠግናለሁ። ቤቴ ጃሚዓ የሚባል ሰፈር ነው፤ አብዛኛው ሥራዬ ሳፋ የሚባል ሰፈር። ሳፋ ፎቁ ብዙ ነው፣ ሊፍቱ ብዙ ነው፣ መሀል ላይ የሚቆመውም ብዙ ነው። ከቤቴ እስከዚያ ድረስ አንዲት ጉድጓድ የለችም። ታዲያ የምነዳው ምንድን ነው? ትልቅ ጂፕ። አራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ተራራ እንዲወጣ የተሠራ። አገሩ ሊገባ ሲሰናዳ ከነበረ አንድ ግብፃዊ መሐንዲስ ነው የገዛሁት። ለምን ትንሽ መኪና አልገዛህም የሚለኝ ብዙ ነው። ዕቃ ይበዛብኛል እላለሁ፤ መፍቻው፣ ገመዱ፣ መሰላሉ። ውሸቴን ነው። ዕቃዬ ባንዲት ቦርሳ ይገባል። ለእናንተ እውነቱን ልናገር። በልጅነቴ ወሎ ውስጥ እኛ ቀበሌ ድረስ ሳይያዝ የሚዘልቅ መኪና ክትባት ይዞ የሚመጣው ጂፕ ብቻ ነበር። ጅዳ ላይ ያንን የመሰለ ሳይ ልቤ ደነገጠ። መርፌ የምወጋ ነው የመሰለኝ። ቢሆንም ገዛሁት።

ጂፑ ጅዳ ውስጥ ስንት አሸዋ ረገጠ ብትሉኝ፣ ጎረቤታችን ቤት ሲያሠራ በሩ ላይ ያራገፈውን ብቻ ነው።

ለዓመታዊው ምርመራ ወሰድኩት፤ እዚህ ፈህስ ይሉታል። መርማሪው ጎንበስ ብሎ ጎማውን በጣቱ ዳሰሰና ራሱን ነቀነቀ። ጥርሱ አልቋል አለኝ። አራቱንም ቀይረህ ና፣ ኸላስ፣ በቃ።

ባሕራ ሄድኩ። ባሕራ በጅዳና በመካ መሀል ያለች፣ ጋራዥና ጎሚስታ የሞላባት ከተማ ናት። እዚያ አቡ ናስር የሚባል የመናዊ አለ። ጎማ ሲሸጥ አይቸኩልም፤ ገዢ የሚፈልግ ሳይሆን ልጁን የሚድር ነው የሚመስለው። ሁለት ዓይነት አወጣልኝ። አንደኛው የአስፋልት ጎማ፤ ጥርሱ ደቃቅ፣ ድምፅ የለው፣ ሙቀት የሚችል፣ ቤንዚን የማይበላ። ሁለተኛው ለሁሉም መሬት የሚሆነው፤ ጥርሱ ግጥጥ ያለ፣ ጎኑ ወፍራም፣ ድንጋይም አሸዋም ጭቃም የማይመርጥ። አስፋልት ላይ ግን ያጉረመርማል አለኝ። ጎማው ጎን ላይ የተጻፉትን አራት ቁጥሮችም አሳየኝ፤ የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ነው። በዚህ ሙቀት ጎማ ሳይነዳም ተቀምጦ ያረጃል አለኝ። እኔም በሆዴ፣ እንደኛ ማለት ነው አልኩ።

ከዚያ ጠየቀኝ። "የት ነው የምትነዳው?"

ቀላል ጥያቄ ናት አይደል? ከጃሚዓ ሳፋ፣ ከሳፋ ጃሚዓ ማለት ብቻ ነው። አፌ ግን ሌላ መንገድ ሄደ። ከከተማው ወደ እኛ ቀበሌ ስለሚወጣው ወይራ ዳገት ስለሚባለው አቀበት ማውራት ጀመርኩ። ክረምት ላይ ጭቃው እንዴት ጥቁር እንደሆነ፣ መኪና እንዴት ወደ ገደሉ እንደሚጎትት። አቡ ናስር እስክጨርስ ሰማኝና፣ መንገዱ ሐበሻ አገር ነው፣ መኪናው ግን እዚህ ነው፤ የቱን ጎማ ልሰርልህ አለኝ። ላስብበት ብዬው ወጣሁ።

በየሳምንቱ ዓርብ እየሄድኩ አሰብኩበት። አንዱን እነካለሁ፣ ሌላውን እነካለሁ፣ ሻይ እጠጣለሁ፣ እመለሳለሁ። ሰውየው አንድ ቀን እንኳ ፊቱን አላጠቆረም።

በዚህ መሀል ነው እቴቴ ዘሀራ ለዑምራ መካ ትመጣለች የሚል ስልክ የደረሰኝ።

እቴቴ የአባቴ እህት ናት። እናቴ ስትሞት ገና የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እሷ ሙስሊም፣ እኔ ክርስቲያን። ቤታችን እንዲያ ነበር፤ ወሎ ውስጥ ይህ ወሬ አይሆንም። እሁድ እሁድ ጠዋት ልብሴን አጥባ፣ ፊቴን አስታጥባ፣ ቅዳሴ እንዳያልፍህ ብላ የምታባርረኝ እሷ ነበረች። ካየኋት ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ጊዜ ከፊሌ፣ ማለት አሠሪዬ፣ ፈቃድ ከለከለኝ። አንድ ጊዜ መንገድ ተዘጋ። አንድ ጊዜ ደግሞ ሁሉም ተሟልቶ ሳለ እኔው ፈራሁ። ምን እንደፈራሁ አትጠይቁኝ።

የምትደርስ ቀን አውሮፕላን ጣቢያ ልቀበላት ተዘጋጀሁ። ፀጉሬን ተቆረጥኩ። ልወጣ ስል ተደወለ፤ ሳፋ አንድ ሕንፃ ላይ ሊፍት ቆሟል፣ ውስጡ ማዳም አለች። ሄድኩ። ሴትዮዋ በሩን አልፎ በሚሰማ ድምፅ አንድ ሰዓት ሙሉ ሰደበችኝ። ስትወጣ ግን ላብ ያጠመቀኝን አየችና ውሃ ይሰጠው አለች። እኔ ውሃውን ስጠጣ የእቴቴ አውቶቡስ ከጓደኞቿ ጋር ይዟት በቀጥታ ወደ መካ ሄዷል።

መካ ደግሞ እኔ የማልገባበት ከተማ ነው። መንገዱ ላይ ለሙስሊም ብቻ የሚል ምልክት አለ፤ የእኔ ዓይነቱ ከዚያ በፊት ይታጠፋል። በማግስቱ ከሥራ ስወጣ እጄ መሪውን ወደዚያ አዞረው። ምልክቱ ከሩቅ የሚታይበት ቦታ ዳር ይዤ ቆምኩና ደወልኩላት።

"ቅርብ ነህ?" አለችኝ።

"ቅርብ ነኝ እቴቴ።"

"ሰማዩ አንድ ነዋ፤ እኔ ጋ ደመና የለም።"

"እኔም ጋ የለም።"

እሷም ስልኩን አልዘጋችም፣ እኔም አልዘጋሁም። መኪናው በጎኔ እየተምዘገዘገ ያልፋል።

መላ ያመጣው ሰዒድ ነው። ሰዒድ የአገሬ ልጅ ነው፤ መካ አንድ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። ሐሙስ ከሰዓት ወደ መዲና ይሄዳሉ፣ ጠዋት ግን ነፃ ናት፤ ባሕራ ድረስ ይዣት እመጣለሁ፣ ለቀትሩ፣ ለዙህር ሶላት እመልሳታለሁ አለኝ። ባሕራ ለሁላችንም ክፍት ናት። ጥሩ ምግብ ቤት መረጥኩ። ነጭ ሸሚዝ ለበስኩ።

ጎማውንስ? አልቀየርኩም። አሁንም እያሰብኩበት ነበር።

ባሕራ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ የኋላው ግራ ጎማ ፈነዳ። መሪውን አጥብቄ ዳር አወጣሁት። ክሪኩን ከሥር ከትቼ፣ ጎማውን ፈትቼ፣ ስኮርታውን ሳወርደው እሱም ግማሹ ተንፍሷል። ግብፃዊው አንድም ቀን ነክቶት አያውቅም፤ እኔም አልነካሁትም። ፀሐዩ በጠዋቱ አናት ይበሳል። እቴቴን ዘጠኝ ዓመት ጠበቅኳት፤ አሁን በሁለት ጎማ ምርጫ ልትቀርብኝ ነው። እንደ ምንም አሰርኩትና በእግር ከሚሄድ ሰው እኩል እየተንፏቀቅኩ አቡ ናስር በር ላይ ደረስኩ። ለሰዒድ ደውዬ፣ ምግብ ቤቱን ተወው፣ ጎማ ቤት አምጣት አልኩት።

አቡ ናስር ጎማውን አየ፣ እኔን አየ። "አሁንስ አሰብክ?" አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው የሰዒድ መኪና ቆመ። እቴቴ በሩን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። አጥራለች። ወይስ እኔ ነኝ የረዘምኩት? በሠላሳ ስምንት ዓመቴ አላደግኩም፤ እሷ ናት። ላቅፋት ሄድኩና እጄ እስከ ክንዴ ጥቁር መሆኑ ትዝ አለኝ። እጆቼን ወደ ላይ ይዤ፣ በፖሊስ እንደተያዘ ሰው ፊቷ ቆምኩ። እሷ ፊቴን በሁለት እጇ ያዘችው።

"ከስተሃል።"

"አልከሳሁም እቴቴ።"

"ወላሂ ከስተሃል። ሸሚዝህን ማን ነው እንዲህ ያረገው?"

አቡ ናስር ወንበር አመጣላት፤ እሷ ግን የጎማ ክምሩ ላይ ተቀመጠች፤ ከፍ ይላል፣ ለጉልበቴ ይመቸኛል ብላ። ምግብ ቤት ላስገባት አስቤ ጎማ ላይ ስላስቀመጥኳት አፈርኩ። እሷ ደስ ብሏት ዙሪያዋን ታያለች። ምን ልትገዛ ነው አለችኝ። ሁለቱን አሳየኋት፤ ይሄ ለአስፋልት፣ ይሄ ለሁሉም መሬት። ጣቷን በትልቁ ጎማ ጥርስ መሀል አስገባች፤ እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ።

እዚህ ላይ እንደገና ጀመረኝ። "እቴቴ፣ ወይራ ዳገት ትዝ ይልሻል? ነሐሴ ላይ የጭነት መኪናው ሲያዝ? እኛ ከኋላ ስንገፋ፣ ጎማው ሲሽከረከር፣ ጭቃው ፊታችንን ሲለስነው? ጫማዬን ውጦት በአንድ እግሬ የመጣሁ ቀን እንኳ አልመታሽኝም፤ ሳቅሽ።" ብዙ አወራሁ። ሰዒድ ሰዓቱን ያያል። እሷ ሰዓት አላየችም፤ እኔን ነው የምታየው።

ስጨርስ ትልቁን ጎማ ቸብ ቸብ አደረገችው። "ይሄኛውን ያዝ። ይሄ ጭቃ ይይዛል። በዚህ ና።"

ለአቡ ናስር ተረጎምኩለት። እሱም ከልቡ አስቦ፣ መሀል ላይ ባሕር እንዳለ ንገራት፤ ለባሕሩ ዋስትና አልሰጥም አለ። ይህን ስነግራት ሳቋ የጎማውን ክምር አነቃነቀው።

አራቱም ታሰሩ፣ ባላንስ ተሠሩ። ሩብ ሰዓት ያህል ተርፎናል። ከፊት አስቀመጥኳትና ከሱቆቹ ጀርባ ወዳለው ጠጠራማ ሜዳ ወረድን። ቢስሚላህ ብላ ከመስኮቱ በላይ ያለውን መያዣ ጨበጠች። ጂፑ ተንገጫገጨ። እሷም ተንገጫገጨች። እኔ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ቀስ ብዬ ነድቼ አላውቅም፤ መንገዱ እንዳያልቅ። ደርሰን ስንመለስ ሰዒድ የመኪናውን በር ከፍቶ ይጠብቃል።

"መቼ ነው የምትመጣው?" አለችኝ ከመግባቷ በፊት።

"ፈቃድ እንዳገኘሁ።"

"ፈቃድ ስታገኝስ?"

መፍራቴን ታውቃለች ማለት ነው።

"አብሽር" አለችኝ። "አትፍራ። ሰው ይሞታል፣ ቤት ያረጃል፤ እሱ እውነት ነው። የቀረነው ግን አለን።"

መታጠፊያው ድረስ ከኋላቸው ተከተልኳቸው። እነሱ ቀጥ ብለው ሄዱ፣ እኔ ታጠፍኩ። ወደ ጅዳ ስመለስ ጎማው በሙሉ ድምፁ ያጉረመርማል። ሬዲዮ ከፈትኩ፤ አልተሰማኝም።

አሁን በየቀኑ ከጃሚዓ ሳፋ በዚህ ጎማ እመላለሳለሁ። ማንም የኔን መኪና ሳይሰማ አይቀርም። ቤንዚኑን አታንሱብኝ። የፈህሱ መርማሪ በአዲሱ ጎማ ተደንቆ፣ የትኛው በረሃ ልትሄድ ነው አለኝ። ሊፍት ልጠግን አልኩት። ቢሆንም ቀይ መብራት ላይ ቆሜ ጥርሱን ሳስበው፣ ወይራ ዳገትን በክረምት በአንድ ትንፋሽ ስወጣው ይታየኛል።

ባለፈው ሳምንት የእቴቴ ልጅ የአንድ ሠርግ ፎቶ ከአገር ቤት ላከልኝ። ሚዜዎቹ በተርታ ቆመዋል፣ ከኋላቸው ጥቁር፣ ለስላሳ፣ መሀሉ በነጭ ቀለም የተሰመረ መንገድ ሽቅብ ይወጣል። ዳር ላይ ያለችውን ጎባጣ ወይራ ግን የትም ባያት አልስታትም። እቴቴ ጋ ደወልኩ።

"እቴቴ፣ ይሄ መንገድ የት ነው?"

"ዳገቱ ነዋ።"

"መቼ ነው አስፋልት የሆነው?"

"ሦስት ዓመቱ።"

"ባሕራ ላይ ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? ይሄን ጎማ ይዘህ ና አላልሽኝም?"

"ጭቃውን እንዲያ ስታነሳው ፊትህ በራ። ዘጠኝ ዓመት ያላየሁት ፊት ነው። አስፋልት ገብቷል ብዬ ላጥፋው?"

ምን ይመለሳል? ጎማው እንኳ የሚመለስ አይደለም፤ ስድስት ወር ነድቼበታለሁ። የተቆጣሁ መስሏት ነው መሰለኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታባብለኝ ጀመር።

"ከዋናው መንገድ እስከ ደጃችን ያለችውን ጭቃ መንገድ አልነኳትም። ክረምት ላይ አህያ ትይዛለች። ላንተ አራት ጎማ ትበቃለች። አስፋልት ሳያነጥፉባት ና።"