ሮዟ ገመድ እና የሐጂ ሙክታር አማች

ኮምፒዩተር ሰው አያዋርድም! እመኑኝ። ሰው የሚያዋርደው ኮምፒዩተሩ ላይ የሚሰካው ግሳንግስ ነው። ዋናው ሣጥንማ ምን በወጣው? ጠረጴዛ ሥር ተወትፎ እንደ ጠገበ ድመት ሲያንኮራፋ ይውላል። አያይ፣ አይሰማ፣ አይናገር። ጉድ የሚያፈሉት ካሜራው፣ ማይኩ፣ ስፒከሩና ወንድሞቻቸው ናቸው። "የለም፣ እኔን ጉድ የሠራኝ ፕሪንተር ነው" የምትሉ ካላችሁም ያው የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ አንጣላም።

ደግሞ ከሰው ሰምቼ የማወራ እንዳይመስላችሁ። ባለ ሰርተፊኬት ነኝ! መሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር የገባለት ሰሞን እዚሁ ጂማ አጭር ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። አሠልጣኛችን የኮምፒዩተር ተቀጥላዎችን በሁለት ከፈለልን፤ የሚያስገቡና የሚያስወጡ። ኪቦርድ፣ ማውስ፣ ስካነር፣ ካሜራና ማይክ ያስገባሉ። ሞኒተር፣ ፕሪንተርና ስፒከር ያስወጣሉ። በቃ! እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ሸመደድኩት። አንዱን ኮምፒዩተር ለብዙ ስለተሻማነው እጄ እንኳ በደንብ አልነካውም፤ በቃል ግን የሚደርስብኝ አልነበረም። ሰርተፊኬቱን በመስታወት አስገብቼ ሳሎን ሰቀልኩት። ባለቤቴ አልማዝ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ "ዞር ብለህ ተቀመጥ እንጂ፣ አንተው ጋርደኸው ማን ያንብብልህ?" ትለኛለች።

ያነበቡልኝ ሐጂ ሙክታር ናቸው። ምነው ባላነበቡት!

ሐጂ ሙክታር የሰቶ ሰመሮ ሠፈር ጎረቤታችን ናቸው። እዚሁ ጂማ መርካቶ ውስጥ የቡና መጋዘን አላቸው። አንድ እፍኝ ቡና አንሥተው ሲያሸቱ የማሳውን ባለቤት ስም ይነግሩሃል ይባላል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችን መጡና ዓይናቸውን ግድግዳው ላይ ተከሉ።

"አሰፋ፣ ይቺን ወረቀት የሰጡህ በኮምፒዩተር ነው አይደል?"

"አዎ ሐጂ፣ በኮምፒዩተር ነው።" ደረቴ ትንሽ ከፍ አለ መሰለኝ።

"ጋሪ! ጥሩ ነው! እንግዲያው ላንተ የሚሆን ጉዳይ አለኝ።"

ጉዳዩ የሐያት ነው። ሐያት የሐጂ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። ኪቶ ፉርዲሳ ባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ ያስተምር የነበረ፣ አሁን ለትምህርት ህንድ የሄደ ነጂብ የሚባል የአጋሮ ልጅ በዘመድ አስጠይቋታል፤ ፎቶም ልኳል። እሷ ደግሞ፣ "እኔ ፎቶ አላገባም፤ ሲናገር ልየው" ብላ ድርቅ አለች። ስለዚህ ኢንተርኔት ቤት ገብተው፣ በካሜራ እየተያዩ ሊነጋገሩ ቀን ተቆርጧል።

"ልጄን ብቻዋን አልልክም" አሉ ሐጂ። "እኔም እመጣለሁ። ግን ከካሜራው ወደዚህ ዞር ብዬ ነው የምቀመጠው። እሱ አያየኝም፣ እኔ አየዋለሁ። ቡና ስገመግም ቡናው መች ያየኛል? አንተ ደግሞ አጠገቤ ሆነህ የማሽኑን ነገር ትይዝልኛለህ። ማሎ አሰፋ፣ እባክህ እንዳታዋርደኝ!"

"ሐጂ፣ ለዚህ ነው የተማርነው" አልኩ። አልማዝ ከጓዳ ስታስል ሰማኋት። ጉንፋን አልነበረባትም።

በቀጠሮው ቀን በባጃጅ ሦስታችንም ሄድን። ሐጂ ሽቶ ተቀብተዋል፤ በካሜራ የማይታዩት ሰውዬ! ሐያት አረንጓዴ ሻሽ አድርጋለች። እጇን ስታፍተለትል ሳይ፣ ነገሩ ለእኔ ሽርሽር ቢሆንም ለእሷ እንዳልሆነ ገባኝ። ኢንተርኔት ቤቱን የምታስተዳድረው ሰናይት የምትባል ቀልጣፋ ልጅ ሐያትን ጥግ ላይ አስቀመጠችና ማዳመጫውን ጭንቅላቷ ላይ አደረገችላት። እነዚያን ከጎናቸው አፍ ድረስ የምትመጣ ቀጭን ጭራ ያለቻቸውን ታውቋቸው የለ? ካሜራውን አስተካከለች፣ መስመሩን አገናኘችና ሌላ ደንበኛ ጠርቷት ሄደች።

ነጂብ ብቅ አለ! ምስሉ አንዴ ይቆራረጣል፣ አንዴ ይደርቃል፣ ግን ሰው መሆኑ ይታያል። ሐያት ፈገግ ብላ፣ "ወአለይኩም ሰላም" አለች። ከዚያ እሷ ትሰማለች፣ እኛ ዝም።

ሐጂ ክርናቸውን ሰደዱብኝ። "ምን ይላል?"

"ማዳመጫው እሷ ጋ ነው ሐጂ።"

"ታዲያ እኔ ፊልም ላይ ነው የመጣሁት? ድምፅ አምጣልኝ!"

እንግዲህ የሰርተፊኬቴ ሰዓት ደረሰ። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ትንንሽ ስፒከሮች አቧራ ለብሰው ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ሣጥኑን ሳይ፣ ከማዳመጫው የመጡ ሁለት ገመዶች ተሰክተዋል፤ አንዷ አረንጓዴ፣ አንዷ ሮዝ። አረንጓዴዋን ነቅዬ የስፒከሩን ገመድ በቦታዋ ሰካሁ። ቤቱ በነጂብ ድምፅ ተሞላ! ሐጂ፣ "ማሻአላህ!" ብለው ጀርባዬን መቱኝ። ሮዟስ? ሮዟን ዝም አልኳት። ስለ ሮዝ ገመድ አልተማርንም፤ ለማሳመር የተደረገች ነው የመሰለችኝ።

"ጋሼ፣ ይሄንንስ?" አለች ሐያት ማዳመጫውን እያወለቀች።

"እሱ አሁን ሥራ የለውም። የጆሮ ነው፤ ማስወጫ!" ብዬ ተቀበልኳትና ጠረጴዛው ላይ፣ በእኔና በሐጂ መካከል አጋደምኩት። ቀጭኗ ጭራ ወደ ሐጂ ጢም ቀና ብላ ቀረች።

"እኔ ስናገርስ በምን ይሰማኛል?"

"በካሜራው ነዋ! ካሜራ ማስገቢያ ነው። ወደ እሱ ጮክ ብለሽ ተናገሪ።"

ነጂብ ግንባሩን ቋጠረ። "ሐያት፣ ድምፅሽ ጉድጓድ ውስጥ ገባ፤ ራቅሽብኝ።"

"ጮክ በይ!" አልኳት። ምስኪኗ ልጅ ካሜራውን እያየች፣ "ሥራዬን አልተውም!" ብላ ስትጮህ ኢንተርኔት ቤቱ በሙሉ ዞሮ አየን። አንድ ተማሪማ፣ "ጎበዝ!" አላት።

ሐጂ ግምገማቸውን ጀመሩ። መጀመሪያ በሹክሹክታ፦ "አሰፋ፣ ፎቶው ላይ ፀጉር ነበረው። የት አደረሰው?"

"ሐጂ፣ እንደ ልብዎ ይናገሩ፤ አይሰማም" አልኩ፣ በእውቀት ተሞልቼ።

ሰውዬው ተፈቱ። "ግንባሩማ ወደ ኋላ ሄዶ ሄዶ አልቆመም! አፍንጫው የአባቱ ነው። አባቱን አውቀዋለሁ። እርጥብ ቡና ደረቅ ነው ብሎ ሊያራግፍብኝ የመጣ ሰው! ያውም እኔ ላይ! ልጁም እንደ እሱ ከሆነ ዋላሂ አልሰጥም።"

ዝም ማለት እችል ነበር። ግን ሽማግሌ ሲያማ ዝም ብሎ መስማት ነውር መሰለኝና አገዝኳቸው። "ወፍሯል ደግሞ። ትምህርት ነው ሄደ የተባለው ወይስ ድልብ በሬ ሊሆን? ዓይኑስ ቢሆን አያርፍም፤ ዕቃ ሊያነሣ ሱቅ የገባ ሰው ይመስላል።"

እኔና ሐጂ ተያይተን ሳቅን። ሐያት አልሳቀችም። እኛን ሳይሆን ስክሪኑን ነበር የምታየው። እኔም አየሁ። ነጂብ አፉን ከፍቶ ቀርቷል። መስመሩ ተቆርጦ ደርቆ እንዳልል ዓይኑ ይርገበገባል። የተናገርነው ህንድ እስኪደርስ ጊዜ ወስዶ፣ ይኸው አሁን ገና ገባለት!

ከስፒከሩ ቀስ ያለ ድምፅ መጣ። "አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ።"

ሐጂ እጃቸው ጢማቸው ላይ ቀረ። ያን ጊዜ ያየሁት ፊት፣ ጠላቴ ላይ አይድረስ!

"ሐጂ፣ ፀጉሬ እውነት ነው፤ ፎቶው የድሮ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ ነጂብ። "ስለ ቡናውም ሰምቻለሁ። እኛ ቤት ሲነገር ግን ዝናብ መንገድ ላይ አግኝቶት ነው ይባላል። እኔ ያኔ ልጅ ስለነበርኩ ልመሰክር አልችልም። አጠገብዎ ያሉትን ሰው ግን አላወቅኋቸውም።"

አላወቀኝም! ሳያውቀኝ መጥፋት አለብኝ። እጄን ዘርግቼ ከስክሪኑ ሥር ያለውን ቁልፍ ጭምቅ! ሞኒተሩ ጨለመ። ነጂብም ጨለመ።

"ጠፋ?" አሉ ሐጂ።

"ድራሹ ጠፋ።"

ሐጂ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ላባቸውን ጠረጉ። ሐያት ጭንቅላቷን በእጇ ይዛ ተቀምጣለች። እኔ ስድቤን እየጠበቅሁ ነበር፤ ሐጂ ግን የተናገሩት ሌላ ነው።

"አሰፋ፣ ልጁ ግን ወንድ ነው! ስንሰድበው ሰላም አለኝ። አባቱን ስነካበት እንኳ አልጮኸም፣ አልዋሸምም። ሌላ ቢሆን ዘግቶብኝ ይሄድ ነበር። ወድጄዋለሁ!" ከዚያ ጣታቸውን አንሥተው አስጠነቀቁኝ። "ለማንም እንዳትተነፍስ ታዲያ! ሽማግሌ ሲልክ ትንሽ ልኩራበት። አንዴ ሁለቴ ልመልሳቸውና ሰው ይድከም። እንዲህ በቀላሉ ልጅ አይሰጥም።"

"ቶሌ፣ እሺ፣ በሆዴ ይቀራል" አልኩ።

ከጨለማው ሞኒተር አጠገብ፣ ከሁለቱ ስፒከሮች፣ የነጂብ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። "ጀዛከላህ ኸይር፣ አላህ ይስጥልኝ ሐጂ!"

ሞኒተር ማስወጫ ነው አላልኳችሁም? መልኩን ነው ያጠፋሁት እንጂ ሰውዬው መች ሄደ! ሐጂ ከወንበራቸው ብድግ ሲሉ ወንበሩ ወደቀ። ሰናይት እየሮጠች መጣች፤ ሞኒተሩን አበራች፣ ገመዶቹን አየች፣ ማዳመጫውን አየች፣ እኔን አየች። "ጋሼ፣ ይቺ እኮ ማይክ ናት" አለች ቀጭኗን ጭራ ይዛ። "ማዳመጫው ሁለቱንም ይሠራል፤ ያስገባልም፣ ያስወጣልም። ሮዟ የማይኳ ነበረች።"

ሁለቱንም! ይህን በሥልጠናው አልነገሩንም። ወይ ያን ቀን ለሻይ ወጥቼ ይሆናል።

ሐያት ተነሣች። መጀመሪያ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ የምታለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀች ነበር። እንባዋን ጠረገች፣ ማዳመጫውን ከሰናይት ተቀብላ ጭንቅላቷ ላይ አደረገች፣ ቀጭኗን ጭራ ወደ አፏ አስጠጋች። ቀጥላ የስፒከሩን ገመድ ነቅላ አረንጓዴዋን በቦታዋ መለሰች። ቤቱ ጭጭ አለ።

"አባባ፣ እናንተ ጨርሳችኋል፤ አሁን የእኔ ተራ ነው። ውጪ ጠብቁኝ" አለች።

ወጥተን በረንዳው ላይ ቆምን። በመስታወቱ ጀርባዋ ይታያል። እጇን እያወናጨፈች ትጠይቃለች፣ ዝም ብላ ትሰማለች፣ እንደገና ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ አንገቷን ደፋች፤ አንድ ጊዜ በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች።

"ምን ይባባላሉ?" አሉ ሐጂ።

"አላውቅም ሐጂ።"

"እናቷ ብትኖር ትነግረኝ ነበር" አሉ ቀስ ብለው። ያን የሚያህል የቡና መጋዘን የሚያስተዳድሩት ሰው ኮፍያቸውን አውልቀው በእጃቸው ሲያሻሹት፣ አሳዘኑኝ።

ሐያት ስትወጣ ፊቷ በርቷል። "ስመለስ ጂማ ነው የምኖረው፣ ሥራሽም የራስሽ ነው ብሏል" አለች። "አባባ፣ እኔ እሺ ብያለሁ። እርስዎ እሺ ማለትዎን ደግሞ ራሱ ሰምቷል።"

ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ሐጂ ሊኮሩ ሞክረው ነበር አሉ። ከመካከላቸው ከነጂብ ሁሉን የሰማው አጎቱ ሳቁን መቆጣጠር ስላቃተው፣ ጉዳዩ በአንድ ቁጭታ አለቀ። የቡናውንም ነገር ሁለቱ አባቶች ተገናኝተው በዝናቡ አሳበቡና ተሳሳቁ።

ነጂብ ትምህርቱን ጨርሶ ሲመለስ ሠርጉ ተደገሰ። እኔና አልማዝ ለክርስቲያን እንግዶች በተዘጋጀው ዳስ ተቀመጥን። ከቤት ስወጣ ለራሴ ምዬ ነበር፤ ዛሬ ድምፄን አላሰማም! ሙሽራው እንግዳ ሊቀበል ወደ እኛ ሲመጣ ጨበጥኩትና አንገቴን ነቀነቅሁ። "በላችሁ?" አለ። ነቀነቅሁ። "የጎደለ የለም?" በአንገቴ የለም አልኩ። አልማዝ፣ "ጥርሱን አሞት ነው" አለችልኝ። ሊያልፈን ሲል፣ የቀይ ወጥ ጎድጓዳ ሳህን የያዘ አንድ ግዙፍ አስተናጋጅ መጥቶ በሙሉ ክብደቱ የግራ አውራ ጣቴ ላይ ቆመ።

"ኧረ ገደልከኝ!"

ሙሽራው ባለበት ቀጥ አለ። ቀስ ብሎ ዞረ። "እርስዎ ነዎት!"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሱ ግን አቀፈኝ። "ጋሼ፣ ስክሪኑን ብቻ ባያጠፉት ኖሮ ሐጂ ዓመት ሙሉ ያመላልሱኝ ነበር!" ብሎ ጎትቶ ሐጂና ሽማግሌዎቹ ፊት ወሰደኝና፣ "በሉ እስቲ፣ አሁን ፊት ለፊት ይንገሩኝ። እንዴት አገኙኝ?" አለኝ።

ሰው ሁሉ አፌን ያያል። ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ፀጉሩ ከዚያን ቀን ወዲህም መሸሹን አላቆመም፤ ሆዱ ሱፉን ወጥሮታል።

"መለሎ ነህ፣ ፀጉርህም አምሮብሃል" አልኩ።

ምን ላድርግ? ፊት ለፊት ይሰማኝ ነበራ!