ድሬሰሮቹ ታሪክ እየሰሙ ነው

«ልጄ፣ አዳራሹ ስለ ሞላ ባለሙያ ብቻ ይግባ አላችሁ። እኔም ኦጌሳ ነኝ» አሉኝ ኦቦ ገመዳ፣ አምቦ ማዘጋጃ ቤት አዳራሽ በር ላይ ቆመው። ከደጋው አገር ከጎጆ የወረዱ ስመ ጥር ወጌሻ ናቸው። ጭቃው እስከ ጉልበታቸው ደርሷል።

ሥራዬ ጸሐፊነት ነው፤ የዚያን ቀን ግን በር ጠባቂም አስተርጓሚም ነበርኩ። በኦሮምኛ ኦጌሳ ማለት አዋቂ፣ ባለሙያ ማለት ነው። እኛ ቃሉን ተውሰን ወጌሻ አልነው፤ ከዚያ አዋቂነቱን ገፈን አጥንት መጠገኑን ብቻ ተውንለት። የሰው ጋቢ ተውሶ ባለቤቱን «ምነው ራቁትህን?» ማለት ይኸው ነው።

ኦቦ ገመዳ የመጡት ግን ታሪክ ሊሰሙ አልነበረም። በረንዳው ላይ አንዲት ሴት በቃሬዛ ተኝታለች። እግሯ ከተሰበረ አራተኛ ቀኑ ነው፤ አጥንቱ ቆዳዋን በስቶ ወጥቷል። ያልቆሰለ ስብራት የእኔ ነው፣ ይህ ግን ሸትቷል፣ የመርፌ ነው አሉኝ። ልብ በሉልኝ፤ እጃቸው የማይችለውን ለይተው ያወቁ፣ ለዚሁ ሲሉ ከተሸካሚዎቹ ጋር ያን ሁሉ ቁልቁለት በእግራቸው የወረዱ ሰው ናቸው። ክሊኒኩ ተቆልፎ ጠበቃቸው። ለምን? መርፌ ወጊና ቁስል አጣቢዎቹ ድሬሰሮች በሙሉ በደብዳቤ ታዘው ስለ ሕክምና ታሪክ ንግግር እየሰሙ ነዋ!

በአገራችን ንግግር ሲደረግ የማይዘጋ መሥሪያ ቤት የለም። ደብዳቤው የማይደርሰው ለበሽታ ብቻ ነው።

አስገባኋቸው። ከአዲስ አበባ የመጡት ሐኪም ጥንትን ሲያብጠለጥሉ ወጌሻ ላይ ደርሰዋል። «ወጌሻ በድንቁርናው ስንቱን ሽባ አደረገ» አሉ። ወደ ኦሮምኛ መለስኩት። ኦጌሳ አልኩ፤ ሌላ ቃል ከየት ላምጣ? ሕዝቡ ባለሙያ በድንቁርናው ሲባል ሰማና የፊት ወንበር ላይ የተደረደሩትን ድሬሰሮች እያየ ሳቀ። ሐኪሙ ቀልዳቸው የሰመረ መስሏቸው ፈገግ አሉ።

ኦቦ ገመዳ አልሳቁም። ተነሥተው አንድ ድሬሰር፣ ለአንድ አፍታ፣ እዚህ በረንዳው ድረስ ብቻ ብለው ለመኑ። ተረጎምኩ። ሰብሳቢው ሰዓታቸውን አዩ።

«አንተ ሰውዬ፣ ጥያቄ በመጨረሻ ነው። ደግሞም ንግግሩ ስለ ጥንት ነው፤ ያንተ በሽተኛ የዛሬ ናት።»

አንተ። የአባታቸው እኩያ የሚሆኑትን ሰው!

ከድሬሰሮቹ አንዱ ከወንበሩ ብድግ አለ። ሰብሳቢው አዩት። ኮቱን አስተካክሎ ተቀመጠ።

«ማል ጄዴ?» አሉኝ ኦቦ ገመዳ። ምን አለ ማለታቸው ነው። አማርኛውንማ ከእኔ እኩል ሰምተውታል፤ ከእኔ አፍ ሊሰሙት ፈልገው እንጂ። ጠዋቱን ሙሉ ስለ ኮሶ፣ ስለ ዋግምት፣ ስለ ፈንጣጣ ክትባት ሳልደናቀፍ የተረጎምኩት ሰውዬ ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር ሳልተረጉም ወደ ወረቀቴ አቀረቀርኩ።

ጠበቁኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን አድርገው ወጡ። ውጭ ተሸካሚዎቹ «ሆ» ብለው ቃሬዛውን ሲያነሡ፣ ሴትየዋም ስታቃስት ተሰማ።

«በሩን» አሉኝ ሰብሳቢው።

ዘጋሁት።