ጋሽ ሰማኸኝ ዘንድሮም ወደቁ

የሥራ ፈተና ባለበት ከተማ ሁሉ አንድ ቋሚ ተፈታኝ አይጠፋም። ማስታወቂያው ሙጫው ሳይደርቅ ደርሶ የሚያነብ፣ ለምዝገባ ከሁሉ ፊት የሚሰለፍ፣ ውጤት ሲለጠፍ ግን ስሙ የማይገኝ ሰው ነው። እናንተም ከአንዱ ኋላ ሳትሰለፉ አልቀራችሁም። የኮምቦልቻው ክቡር ጋሽ ሰማኸኝ ይባላሉ፤ ዕድሜያቸው አርባ ስድስት፣ የወደቁበት ፈተና አሥራ ዘጠኝ።

ጋሽ ሰማኸኝ ወፍጮ ቤት እህል መዛኝ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ግን ቅንድባቸው ላይ ያረፈውን ዱቄት ሳያራግፉ ከወፍጮው ጀርባ አግዳሚ ደርድረው ሥራ ፈላጊ ያስተምራሉ። ትምህርቱ አንድ ብቻ ነው፤ የእንግሊዝኛ ስህተት ለቀማ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይሰጣል፣ አራት ቦታ ይሰመርበታል፣ ከአራቱ የተበላሸውን ነቅሶ ማውጣት ነው። ስንቱ ባለዲግሪ ላብ በላብ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጋሽ ሰማኸኝ ግን ገና ከሩቅ አይተው "ባለቤትና ግሡ ተኳርፈዋል! ማነው የሚያስታርቅ?" ይላሉ።

አመሉ ደግሞ ቅዳሜን ጠብቆ የሚመጣ አይደለም። በእንግሊዝኛ የታተመ የሠርግ ጥሪ ቢደርሳቸው በቀይ እስክሪብቶ አርመው ለሙሽራው አባት መለሱት፤ ሠርጉ ላይም ተገኝተው "የታረመው እትም የታለ?" ብለው ጠየቁ። ታመው ክሊኒክ የተኙ ጊዜ የመድኃኒቱን ወረቀት ሲያነቡ ትኩሳታቸው ጨመረ። ነርሷ "ምን ሆኑ?" ብትላቸው "ሦስተኛው መስመር ላይ አላፊና የአሁን ጊዜ ተደባልቋል" አሏት። ሚኒባሱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ጠመዝማዛ ሲወርድ ሌላው ተሳፋሪ ፈጣሪውን ይጠራል፤ እሳቸው ከፊት የሚሄደውን የጭነት መኪና የጀርባ ጽሑፍ ያርማሉ።

የሚገርመው፣ ያስተማሯቸው ያልፋሉ። ባንክ የገባ አለ፣ ጉምሩክ የገባ አለ። ከተማውም "አስተማሪው ወድቆ ተማሪው የሚያልፍበት ትምህርት ቤት" እያለ ይስቅባቸዋል። ተማሪያቸው አሚናም አብራ ስቃለች።

አሚና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ናት። ኮንትራቷ ሰኔ ሠላሳ ያበቃል፣ እንደማይታደስም ተነግሯታል። ያን ጊዜ ከደሴ ዙሪያ አምጥታ የምታስተምራትን ታናሽ እህቷን ሰልዋን ይዛ ወደ ገጠር መመለሷ ነው፤ ሰልዋ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። የቀራት ተስፋ ደረቅ ወደቡ አካባቢ ያለ አንድ የጭነት ድርጅት ሰነድ መዝጋቢ ለመቅጠር ያወጣው ፈተና ብቻ ነበር።

ፈተናው ደሴ ነው። በዕለቱ ጠዋት መፈተኛው ትምህርት ቤት በር ላይ ጋሽ ሰማኸኝ እንደ ልማዳቸው አብረዋቸው ለሚፈተኑ ሦስት ተማሪዎቻቸው ሥራ አከፋፈሉ። የጥያቄ ወረቀት ከአዳራሽ ስለማይወጣ፣ የእሳቸው ሰዎች ጥያቄዎቹን በቃላቸው ይዘው ይወጡና ለቀጣዮቹ ተማሪዎች ይጽፉላቸዋል።

"ስልሳ ጥያቄ ነው። ከአንድ እስከ ሠላሳ የኔ። አሚና፣ ከሠላሳ አንድ እስከ አርባ ያንቺ። ፈንታሁን እስከ ሃምሳ፣ የቀረው የሥርጉት።"

"ጋሼ፣ እኔ ዛሬ እንኳ..."

"አብሽሪ! አሥር እኮ ነው። አንቺ የተማርሽበትንም አንድ ሰው ነው ተሸክሞ ያወጣልሽ።"

አሚና እርሳሷን ይዛ ተከተለቻቸው።

አዳራሽ ገብታ "ቢስሚላህ" ብላ ወረቀቱን ገለጠች። እንዳትረሳቸው ፈርታ ከሠላሳ አንድ ጀመረች። አነበበች፣ ዐይኗን ጨፍና ደገመች። ሠላሳ አምስት ላይ ስትደርስ ሠላሳ ሁለት ጠፋባት። ተመለሰች። ሠላሳ ሁለትን ስታገኝ ሠላሳ አራት ጠፋ። ፈታኟ "ሃያ ደቂቃ ቀርቷል!" ስትል አሚና የመልስ ወረቀቷን አየች። የጠቆሩት ክቦች ዘጠኝ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ያነበበችው ሁሉ አልገባ አላት።

ቀና ስትል ከመተላለፊያው ማዶ ጋሽ ሰማኸኝን አየች። ዐይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። እርሳሳቸው ተጋድሟል። መልስ ወረቀታቸው ላይ ከስማቸው በቀር ምንም የለም። አሥራ ዘጠኙን ፈተና የወደቁት ለካ እንዲህ ኖሯል! አሚና እስከ ዛሬ የሳቀችባቸው ሁሉ አሳፈራት።

እሳቸውም ዐይናቸውን ሲገልጡ አብዛኛው ባዶ የሆነውን ወረቀቷን አዩ፣ ፊቷን አዩ። ያወራ እንደሚባረር ጠዋት ተነግሯል፤ ፈታኟም ሁለት ወንበር ብቻ ርቃ ቆማለች።

"አሚና!" አሉ ጮክ ብለው። አዳራሹ በሙሉ ዞረ። "ተይው፣ አትሸምድጂ! የራስሽን ሥሪ!"

"እርስዎ! አሁኑኑ ይውጡ!"

"መውጣቴ ነው፣ እህቴ።"

ፈታኟ ወደ አሚና መጣችና ወረቀቷን አነሣች። "አንቺስ? ምን ተባባላችሁ?"

"ወላሂ አልተነፈስኩም።"

ፈታኟ ወረቀቱን ገልበጥ ገልበጥ አደረገችው። ዘጠኝ ክብ ብቻ ካጠቆረ ሰው ምን ይኮረጃል? ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችላት። አሥራ ስድስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር። አሚና የተኳረፉትን ባለቤትና ግሥ እየለየች፣ ሳትመለስ፣ ሳትደግም ሠራች። የመጨረሻውን ክብ አጥቁራ ሳትጨርስ ወረቀቱ ከእጇ ተወሰደ።

ጋሽ ሰማኸኝ ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ደብተር ላይ ይጽፋሉ።

"ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ..."

"ሃያ ስድስት ላይ ነኝ፤ አታናግሪኝ፣ ይጠፋብኛል።"

በሦስተኛው ሳምንት ውጤት ተለጠፈ። ከሚቀጠሩት አሥራ ሁለት ሰዎች አሚና ሰባተኛ ወጣች፤ ሰልዋም ከትምህርቷ አልተነቀለች። ከተማው "ጋሽ ሰማኸኝ ሃያ ሞሉ!" ብሎ ሳቀ። በዚህኛው ሳቅ አሚና አልነበረችበትም።

መስከረም ላይ ሌላ መሥሪያ ቤት ደሴ ላይ ፈተና አወጣ። አሚና ሥራ እያላት ተመዘገበች፤ ፈንታሁንንና ሥርጉትንም አስመዘገበች። በሩ ላይ ጋሽ ሰማኸኝ ሊያከፋፍሉ ጉሮሯቸውን ሲጠራርጉ ቀደመቻቸው።

"ከአንድ እስከ ሃያ ፈንታሁን። እስከ አርባ ሥርጉት። የቀረው የኔ።"

"የኔስ?"

"እርስዎ ይፈተናሉ።"

ሊያርሟት አፋቸውን ሲከፍቱ እርሳስ አስያዘቻቸው።

አዳራሽ ውስጥ ጋሽ ሰማኸኝ እርሳሱን አነሡ። የመጀመሪያውን ክብ ለማጥቆር ብዙ ጊዜ ወሰደባቸው፤ ሁለተኛውን ቶሎ አጠቆሩ። አሚና ይህን ሰው ምን ያህል እንደምትወደው ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። እሳቸውን ስታይ ቆይታ አርባ አንደኛውን ጥያቄ ማንበብ የጀመረችው ዘግይታ ነበር።