ጋሽ ሰይፉ ኬሚስትሪ ይዘው ሽምግልና ሄዱ

ዓለምን በሙሉ በአንድ ቀመር የሚፈታ መምህር የሌለበት ከተማ ገና አልተቆረቆረም። የወልቂጤው ክቡር ጋሽ ሰይፉ ናቸው። ቀመራቸውም ያው የአሲድና የቤዝ ነው። «ጥንድ ናቸው! የአሲዱ ጥንካሬ፣ ኬ-ኤ፣ በቤዙ ጥንካሬ፣ ኬ-ቢ፣ ሲባዛ ብዜቱ አይነቃነቅም። አንዱ ከጠነከረ ሌላው ይደክማል!» ጠመኔ ከሌለ በጣታቸው አየር ላይ ይጽፉታል።

የሚኒባስ ረዳት ሲቆጣ «ሾፌሩ የዋህ ነው ማለት ነው» ይላሉ። ቀብር ላይ እንኳ ጀምረው ያውቃሉ፤ ሰው ነው ጎትቶ ያስቀመጣቸው።

ብረት በያጁ ኪዱ ቅድስትን ለማግባት ሽማግሌ ሲፈልግ፣ ያሳደጉት ጋሽ ሰይፉ ናቸውና ሌላ ሰው መላክ ነውር ሆነበት።

«ጋሼ፣ የአሲዱ ነገር ግን... ለዛሬ ይቅርብን» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ምን ቆርጦኝ!» አሉ።

የቅድስት አባት የአቶ ያረጋል ቤት አረቅጥ ከተማ ነው። ሽማግሌ መመለስ ልማዳቸው ነው። ዛሬም እምቢ ካሉ ልጅቷ ለሌላ ልትታጭ ነው። ኪዱ አላስቻለውም፤ ከቤቱ ጀርባ እንሰቱ ውስጥ ተደብቆ ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሽማግሌዎቹ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም ብለው ምድጃው አጠገብ ቆመዋል።

«አልሰጥም!» አሉ አቶ ያረጋል።

ኪዱ ጸለየ። «ጌታ ሆይ፣ አሲድ እንዳይሉ።»

«አሲድ...» አሉ ጋሽ ሰይፉ።

ኪዱ የእንሰት ቅጠል ነከሰ።

«አቶ ያረጋል፣ እርስዎ ብርቱ አሲድ ነዎት። እንግዲህ ጥንድዎ ወይዘሮ ተናኘወርቅ፣ በቀመሩ መሠረት፣ ደካማ ናቸው።»

«ማነው ደካማ?» የሴትየዋ ድምፅ ግድግዳውን ነቀነቀው። «አንተ ሰውዬ! ይሄ ሰው እምቢ ሲል የኖረው እኔ ዝም ስላልኩት ነው! ይኸው ተናገርኩ፤ ልጅቷ ትሄዳለች!»

«ተናኘ...» አሉ ባልየው።

«ምን ተናኘ? በገዛ ቤቴ ደካማ ተብዬ!»

ጋሽ ሰይፉ ላብ አጠመቃቸው። «ሁለቱም ጠነከሩ... ብዜቱ ፈረሰ!» ወዲያው ግን በደስታ ጮኹ። «የለም፣ አልፈረሰም! እሳቱ ነው! ሙቀት ሲጨምር ብዜቱም ያድጋል፤ እኛን እሳት ዳር አቁማችሁናል!»

አቶ ያረጋል ሳቅ አመለጣቸው። ሲስቁ ሰምቶ የሚያውቅ ስለሌለ ጎረቤት ምን ነካቸው ብሎ እየሮጠ መጣ።

«በሉ ተቀመጡ፣ ሰጥቻለሁ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «እሳቱን ብቻ አጥፉልኝ። እኔና እሷ ከዚህ በላይ ከጠነከርን ቤቱ ይፈርሳል።»

ሲመለሱ ጋሽ ሰይፉ ሚኒባሱ ውስጥ ከኪዱ አጠገብ ተክዘው ተቀመጡ።

«ኪዱዬ፣ ነገሩ እኮ በደንብ የገባቸው አይመስለኝም።»

ኪዱ ዐይኑ እንባ አቀረረ። ጠጋ ብሎ ትከሻቸውን ሳመ።

«እኔም ገብቶኝ አያውቅም ጋሼ። እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።»

ተሳፋሪው በሙሉ በአንድ ድምፅ «ወራጅ አለ!» አለ።