ቡሬ አንድ ዳዊት ነው

በየአጥቢያው አንድ የመንገድ ልክ አዋቂ አይጠፋም። ሳትጠይቀው ይነግርሃል፤ ከጠየቅኸውማ ከመንገድህ ያስቀርሃል። የእኛው ክቡር ወክቡር አለቃ ገብረ ሕይወት ነበሩ፤ ዛሬ ፍኖተ ሰላም በምንለው አገር የዳዊት መምህር፣ የምድርና የሰማይ መለኪያ።

አለቃ መንገድን የሚለኩት እየሄዱ በሚደግሙት ጸሎት ነው። ጅጋ እስከ ስድሳኛው መዝሙር፣ ቡሬ አንድ ሙሉ ዳዊት። አንዲት አሮጊት ሸክም ከብዷቸው «ትንሽ ይቀንሱልኝ» ብለው ቢለምኗቸው አንዲት ስንኝ አልቀነሱም። «ልክ ፊት አይቶ አያደላም» ይሉ ነበር።

የጣሊያን አውሮፕላን መምጣት ስትጀምር ሌላው ሲደነግጥ አለቃ ሥራ በዛባቸው። ሦስት ጊዜ ለክተው አወጁ፤ ከጅጋ በኩል ጡሩምባው ከጉብታ ጉብታ እየተቀባበለ ከደረሰን፣ አውሮፕላኗ ገበያችን እስክትደርስ ስምንት «አባታችን ሆይ» ነው።

አንድ ቅዳሜ ጡሩምባው ተነፋ። ገበያተኛው ሁሉ ላህ ወንዝ ገደል ውስጥ ተሸሸገ። ቅቤ ሻጯ አቻምየለሽ ቅሏን ታቅፋ አለቃ አጠገብ ተኝታ ስምንቱን ጨረሰች። ሰማዩ ባዶ ነው።

«አለቃ፣ ስምንቱ እኮ አለቀ። የት ቀረች?»

አለቃ ፊታቸውን ከአፈር ሳያነሡ፣ «በሩጫ ደግመሽው ነዋ። እንደገና ጀምሪ» አሉ።

ጀመረች። ሦስተኛው ላይ አውሮፕላኗ መጥታ ባዶው ገበያ ላይ ሁለት ቦምብ ጥላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አለቃን የሚከራከር ጠፋ፤ እሳቸውም እንድንረሳው አልፈቀዱም።

በዚያው ዓመት ባለቤቴ ንግሥቴ፣ ቡሬ ወንድሟ ቤት ታማ ተኝታ ነበር። አንድ ማለዳ፣ ዛሬውኑ ካልመጣህ አትደርስባትም የሚል መልእክት መጣ። እኔ ራሴ ከንዳድ ገና መነሣቴ ነው። አለቃ ማንም ሳይጠራቸው መቋሚያቸውን ይዘው ተከተሉኝ፤ የቡሬን ልክ እንደገና ላረጋግጥ ነው አሉ።

እሳቸው ዳዊት እየደገሙ፣ እኔ እየተንገዳገድሁ ሄድን። አንድ ወንዝ ዳር ደክሞኝ ተቀመጥሁ። ስንት ቀረን ብዬ ጠየቅኋቸው።

«መቶ ሃያኛው ላይ ነን። ሠላሳ ብቻ ቀረ፤ ተነሥ።»

ውሃ ጠጥቼ ተነሣሁ። ያ ሠላሳ መዝሙር አላልቅ አለ፤ እኔ ግን ፊደል የማላውቅ ገበሬ ነበርሁ፣ አመንኋቸው። ፀሐይ ስትጠልቅ ቡሬ ገባን። ንግሥቴ ድምፄን ለየች። ሦስት ቀን አብረን ቆየን።

ከጣሊያን መውጣት በኋላ፣ ያለ ንግሥቴ ቤቱ ጭር ሲልብኝ፣ እዚያው አለቃ ዘንድ ዳዊት መማር ጀመርሁ። አንድ ቀን፣ ዋላ ወደ ውሃ ምንጭ እንደምትናፍቅ የሚለው ላይ ደረስሁ። ዜማውን ጆሮዬ አወቀው፤ ያን ቀን ወንዙ ዳር ውሃ ስጠጣ አለቃ የሚደግሙት እሱን ነበር። ቁጥሩን አየሁት፤ አርባ አንደኛው ነው።

«አለቃ፣ ያን ቀን መቶ ሃያኛው ላይ አልነበርንም።»

ዓይናቸውን ከመጽሐፉ አላነሡም።

«ንግሥቴ ጠበቀችህ?»

«ጠበቀችኝ።»

«እንግዲያ ልኩ ደህና ነበር» አሉ። «ቀጥል፣ አርባ ሁለተኛው።»