የፀዳለ ልደትና የአማቴ ገንፎ

ሥልጣኔ እንደ ጉንፋን ነው፤ ከማን እንደተጋባብዎ በውል አያውቁም፣ ብቻ አንድ ቀን ጠዋት ሲያስነጥሱ ይገኛሉ። እኔ ግን ከማን እንደያዘኝ አውቃለሁ። ጎንደር ከተማ፣ አንድ ፈረንጅ ሐኪም መኖሪያ ቤት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ።

ጣሊያን ከወጣ አሥር ዓመት ያህል ቢሆነው ነው። ከአዲስ አበባ በጸሐፊነት ተዛውሬ ጎንደር ከገባሁ ቆይቻለሁ፤ ከከተማው ወጣ ካለችው ከጠዳ ገጠር ልጅ አግብቻለሁ፤ ፀዳለ የምትባል ሴት ልጅም አለችኝ። ሐኪሙ ሻይ እንጠጣ ብለው ጠሩኝና ሄድኩ። ስገባ ጠረጴዛው ላይ ቶርታ፣ ቶርታው ላይ አምስት ሻማ፣ ሻማው ፊት አንድ ጉንጫም ልጅ። ልጁ እፍ አለ። ሻማው ጠፋ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። ምን ተገኘ ብዬ ብጠይቅ የተወለደበት ቀን ነው አሉኝ። አምስት ዓመት ሙሉ በመኖሩ ነው የሚጨበጨብለት! እኔ ሠላሳ አራት ዓመት ስኖር አንድ ሰው እንኳ አጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ ያውም አምስቱን በጦርነት መሐል አልፌ።

ቤቴ ገብቼ የፀዳለ ልደት እንደሚከበር በአዋጅ አስታወቅሁ። ባለቤቴ አስካለ፣ «ምን አድርጋ ነው የሚከበርላት?» አለች። ተወልዳ፣ አልኳት። «የወለድኩስ እኔ ነኝ» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ፀዳለ ግን በር ሥር ቆማ ትሰማ ኖሯል። በማግሥቱ ተማሪ ቤት ሄዳ፣ ቅዳሜ የኔ ቀን ነው ብላ ስድስት ጓደኞቿን ጠራች። ማርያም ቀን አላት፣ ሚካኤል ቀን አለው፤ እንግዲህ ፀዳለም ቀን ሊኖራት ነው። ማታ ማታ ቅዳሜ ስንት ቀን እንደቀረው እየጠየቀች ትተኛ ጀመር። ከዚያ ወዲያ ነገሩ የኔ ቀልድ መሆኑ ቀረ።

እኔ ደግሞ ዝም ብሎ መብላት አይሆንልኝም። ሕፃናት እየበሉ ታሪክ ቢማሩስ? የት? ጎንደር ተቀምጦ የት ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ቀሐ ወንዝ አጠገብ ያለውን የአፄ ፋሲልን መዋኛ መረጥኩ። ጊዜው የጥር መጨረሻ ነበር፤ የጥምቀቱ ውሃ ተለቅቆ አልቋል፣ ሣሩ ገና አረንጓዴ ነው። ከጣሊያን ጊዜ የቀሩ አንድ ዳቦ ጋጋሪ፣ ቶርታ ይሁን ድፎ ያልለየለት ነገር ጋገሩልኝ። ሻማ ፈልጌ ስላጣሁ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሰባት ጧፍ ገዛሁ።

ስሕተቴ አንድ ብቻ ነበረች። ለአማቴ መልእክት ላክሁ።

አማቴ እማማ ዘነቡ ጠዳ ነው የሚኖሩት። እርፍ ጨብጦ የማያውቅ እጅ ልጄን አያኖራትም ብለው በጋብቻችን ስለተቀየሙ፣ ከሠርጋችን ወዲህ ደጄን ረግጠው አያውቁም። የልጅ ልጃቸውን የሚያዩዋት አስካለ ይዛት ስትሄድ ነው። ቢሆንም ሥልጣኔ ይቅር ባይ ነው፤ ልጥራቸው አልኩ። ከጠዳ ሽንኩርት በአህያ እየጫነ የሚመጣውን አያ በላይን ይዤ፣ ቅዳሜ የልጃችን ልደት ነው ብለህ ንገርልኝ አልኩት።

እስቲ ይህ ዐረፍተ ነገር ምን እንከን ይወጣለታል? ሰዋስውን የሚያውቅ ሰው ምንም አያወጣለትም። ግን ጠዳ ላይ ልደት የሚባለው የጌታና የእመቤታችን ነው። በሰው ቤት ልደት ሆነ ከተባለ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ልጅ ተወልዷል። አያ በላይም መልእክቱን በታማኝነት አደረሰ፦ አስካለ ተገላግላለች፣ ቅዳሜ ድግስ ነው። ወንድ ነው ሴት ብለው ሲጠይቁት ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «የአባትየው ፊት እንደዚያ ካበራ ወንድ መሆን አለበት» አላቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን መዋኛው ዳር አሰልፌ ስለ ነገሥታቱ አስረዳለሁ። ፀዳለ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ቆማለች። አንዱ ልጅ ንጉሡ ዋና ይችሉ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አሳምረው እንጂ፣ አልኩት። ማን አስተማራቸው አለኝ። ወሬ ለመለወጥ ወደ ድንጋይ ደረጃው ዞሬ፣ ይህን የጥንት አባቶቻችንን የእጅ ሥራ ተመልከቱ ስል፣ ከኋላዬ የግቢው ዘበኛ ጉሮሯቸውን ጠራረጉና፣ «ጌታው፣ እሱን እንኳ እኔ ነኝ የለሰንኩት፤ በጣሊያን ጊዜ፣ በቀን ሠራተኛነት» አሉ። ልጆቹ እኔን ትተው የዘበኛውን እጅ ለማየት ተሻሙ።

ይህን ጊዜ ነው ጩኸቱ የተሰማው። እማማ ዘነቡ ስድስት ሴቶች፣ አንድ በግ፣ የገብስ ዱቄትና ቅቤ የተጫነች አንዲት አህያ አስከትለው በበሩ ገቡ። ቤት ሄደው ሰው ቢያጡ፣ ጎረቤት «ሁሉም ቀሐ ወርደዋል» ብሏቸዋል። አራስ ወንዝ ወረደች!

«አንተ!» አሉኝ። እማማ ዘነቡ ከሠርጋችን ጀምሮ በመልእክት እንኳ አንቱ ሲሉኝ ኖረዋል፤ ለማክበር ሳይሆን ለማራቅ። «አንተ! አራስ ልጄን ብርድ ላይ የምታቆማት ልትገድላት ነው?» ዳቦውን ልትቆርስ ቢላዋ የያዘችውን አስካለን በሁለት ጋቢ ጠቅልለው አስቀመጧት። አንዷ «ጆሮዋን ሸፍኑት!» ትላለች፤ ሌላዋ እግሯን ታሻሻለች። አስካለ ከጋቢው ውስጥ፣ እማ፣ እኔ እኮ አልወለድኩም ስትል፣ «ዝም በይ፣ አራስ ብዙ አትናገርም» ተባለች።

ቀጥሎ ልጁ የታል ተባልኩ። ምን ላድርግ? ልጅቷ ይህችው ናት ብዬ ወደ ፀዳለ ጠቆምኩ።

እማማ ዘነቡ ቀና ብለው አይተዋት፣ «ምነው፣ ይህችማ ዱሮ የተወለደችዋ አይደለችም?» አሉ።

ሰባት ዓመት ስለሞላት ነው አልኩ፤ ዓመቷን ቆጥረን፣ ትንሽ ዳቦ፣ ትንሽ ሻማ... ከሴቶቹ አንዷ አማተበች። «ሰባት ዓመት የሚቆጠረው ለሙት ነው» አሉ እማማ ዘነቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፤ «ልጅቷ በቁሟ ሳለች ተዝካሯን ታወጡላታላችሁ?» ያችው ያማተበችው ሴት ደግሞ ዳቦው ላይ የተተከለውን አየችና፣ «እዩ፣ ጧፍም ገዝተውላታል!» ብላ ጮኸች።

እስቲ ይፍረዱኝ። እኔም ዳቦውን ዞሬ ባየው፣ እውነትም ተዝካር ይመስላል።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የፀዳለ ፊት ነው። ስድስቱ ጓደኞቿ አፋቸውን ከፍተው ያይዋታል። ስንት ሌሊት የቆጠረችለት ቀን፣ በመጀመሪያ ለሌለ ወንድ ልጅ ሆነ፣ ቀጥሎ ለሙት ሆነ። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ወደ አያቷ ጠጋ አለችና፣ «እማማ፣ እኔ ስወለድ ገንፎ ይዘሽ መጥተሽ ነበር?» አለች።

አስካለ በጋቢው ውስጥ አቀረቀረች። ፀዳለ ስትወለድ እልል ያሉት የቁስቋም ሰፈር ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ከጠዳ የመጣ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን እኔም አውቃለሁ፣ እማማ ዘነቡም ያውቃሉ፤ ልጅቷ ግን ማንም ነግሯት አያውቅም።

ፀዳለ አህያዋ ላይ የተጫነውን ዱቄት አየች፣ አያቷን አየች። «እንግዲያ ይኼ የኔ ነዋ» አለች፤ «መንገድ ላይ ቆይቶ ነው።»

እማማ ዘነቡ መቀነታቸውን ጠበቅ አደረጉና ወደ አስካለ ዞረው፣ «አንቺ ደግሞ ምን ይጎልትሻል፣ ተነሽና እሳት አንድጂ!» አሉ። አራስነቷ በዚሁ አበቃ። ልጅቷን ወደ ደረታቸው ሳብ አድርገው፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው እልልታውን ለቀቁት። ሦስተኛው ላይ አንዷ ዘመዳቸው ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ፣ «ይበቃል እንጂ፣ ለሴት ሦስት፣ ለወንድ ሰባት ነው» አለቻቸው። «አንቺ እጅሽን አንሺ፣ ሰባት ዓመት ዘግይቼ በሦስት አልገባም» አሉና እስከ ሰባት አደረሱት። ግንቡ ድምፃቸውን እየመለሰ አሥራ አራት አደረገው። ዘበኛው ኮፍያቸውን አወለቁ።

ገንፎው በዘበኛው ጎጆ ተገነፋ። መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ፈሰሰበት፤ ሰባቱ ልጆች ዙሪያውን ከበው በእጃቸው እየዛቁ ጨረሱት። ጧፉም በራ፣ ግን እፍ የሚባል ነገር አልተፈቀደም። «ጧፍ በትንፋሽ ይጠፋል እንዴ፣ ባለጌ!» ተባልኩ፤ እኔ ነኝ ባለጌው። ስለዚህ ራሱ ነድዶ እስኪያልቅ ፀዳለ አያቷ ጉያ ተቀምጣ ጠበቀችው፤ ጓደኞቿን እያየች፣ አፍንጫዋን ቅቤ አስነክታ። ቶርታውን በጉ በላው። የሠለጠነ በግ ነው፤ አንድ ፍርፋሪ አላስተረፈም።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ወሬው ቀድሞኛል። አያ በላይ ከሽንኩርቱ ጋር በነፃ ያድለው ኖሯል። የመጀመሪያውን ባልደረባዬን ቁጭ አድርጌ ከፈረንጁ ቶርታ ጀምሬ አስረዳሁት። ሁለተኛውንም አስረዳሁ። አምስተኛው ላይ ደከመኝ። ከምሳ በፊት አለቃዬ ጠሩኝ፤ ከወንበራቸው ተነሥተው እጄን ጨበጡና፣ «እንኳን ማርያም ማረቻት! ወንድ ነው ሴት?» አሉኝ።

«ሴት ናት ጌታዬ» አልኩ።

«ሸጋ! ታዲያ እንዴት ናት፣ ሌሊት ታስቸግራለች?»

«ሌሊቱን እንኳ ደህና ናት ጌታዬ፤ ያስቸገረችን ማባዛት ላይ ነው።»